ጠብታ እጁን ሳይታጠብ የበላ ዕለት

ቧንቧ ሠሪውን በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ጠብታ ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣችለት ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ናት። በተጋቡ ሰሞን ጎረቤት ምሳ ጠርቷቸው ሳለ፣ ከወዲያ ከጓዳ ቧንቧ ጠብ... ጠብ... ሲል ሰማ። የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ ብድግ ብሎ ገባ። ባለቤቶቹ ፍራፍሬ ሲያቀርቡ እሱ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር፤ ያውም አዲሱን ሱፉን እንደለበሰ። ሱፉን የሰፋችው እሷ ናት።

«እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ጠብታ?» አለች፣ ከውጭ የቀሩትን ሁለት እግሮቹን እያየች።

ጎረቤት ሳቀ፤ ሰፈር ተቀበለው፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ሱሺንም የወደደው በሥራ በኩል ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የነበረች አንዲት ጠባብ ሱሺ ቤት ፍሳሿ ተዘግቶ ተጠራ። ከገንዳው ሥር ያለውን ጠማማ ቧንቧ፣ ሲፎኑን፣ ፈታ፤ እንደ ሲሚንቶ የረጋ ሩዝ አወጣ፤ አጥቦ ገጠመ። የቤቱ ባለቤት ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ። «ቁጭ በል» አሉትና ፊት ለፊቱ አንድ ፍሬ ሠርተው አስቀመጡለት። ጥሬ ዓሣ በሩዝ ላይ። ጠብታ እንኳን ጥሬውን የተጠበሰውንም አገላብጦ የሚመረምር ሰው ነው። ግን እምቢ ማለት አፈረና ዐይኑን ጨፍኖ ጎረሰው።

የዚያን ዕለት ሲመለስ ሚስቱ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሩዙ ለብ ያለ፣ ዓሣው ቀዝቀዝ ያለ» አላት። «ሙጫ የለው፣ ክር የለው፣ ግን እጅሽ ላይ አይፈታም። አፍሽ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው የሚፈታው። እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ በዘመኔ አይቼ አላውቅም።»

«የበላኸው ምግብ ነው ወይስ ቧንቧ?»

«ነገ እወስድሻለሁ፤ አንቺው ትፈርጃለሽ።»

ወሰዳት። እሷም ወደደችው፤ እሷ ግን የወደደችው እንደ ሰው ነው። ሽማግሌው ቤታቸውን ዘግተው ወደ ልጃቸው ዘንድ እስኪሄዱ ድረስ ባልና ሚስት ሌላ ምግብ ቤት አያውቁም ነበር። ሽማግሌው ሲሄዱ ነው ጣጣው የመጣው። በከተማው ሌሎች ሱሺ ቤቶች ሞልተዋል፤ ነገር ግን ጠብታ የሁሉንም ፍሳሽ አንድ ጊዜ ከፍቶ አይቷል። ሌላው ሰው ምግብ ቤትን በሳሎኑ ያውቀዋል፤ እሱ የሚያውቀው ከሥር ነው። አንዱን ስትጠራለት «እዚያ? የሲፎኑን ነገር ባታነሺው» ይላል። ሌላውን ስትጠራ ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው።

ስለዚህ ተስፋዋ ጉዞ ሆነ። በዓመት አንድ ጊዜ መቀሱንና መፍቻውን ቆልፈው በባቡር ወጣ ይላሉ። በማያውቀው አገር የማንንም ፍሳሽ አይቶ አያውቅ፤ እንግዲያ እንደ ሰው ተቀምጦ ይበላል ብላ ነበር። አልሆነም። ጠብታ ለመንገድ የሚሆን ዘዴ አበጀ።

«ዓሣ ቆራጩ እጁን የሚታጠብበትን አሳይኝ፤ ዓሣውን ሳላየው እነግርሻለሁ» ይላል።

ዘዴው እንዲህ ነው። ይገባሉ፤ ይቀመጣሉ። እሱ ወዲያው «እጄን ልታጠብ» ብሎ ይነሣል። መታጠቢያው ጠብ ካለ፣ ውሃው ሲወርድ ከተንገራገጨ፣ ወይም የገንዳው ጠርዝ ከግድግዳው ጋር በትክክል ካልታሸገ፣ ተመልሶ አይቀመጥም። ኮቱን ያነሣና «ተነሽ» ይላታል። እሷ የምግብ ዝርዝሩን ዘርግታ፣ መብያ እንጨቶቿን ለያይታ፣ ምራቋን ውጣ ተዘጋጅታለች። አስተናጋጇ «ምነው፣ ምን አጠፋን?» ስትል እሱ በትሕትና «እናንተ ምንም አላጠፋችሁም፤ የቧንቧ ሠሪያችሁ ጥፋት ነው» ብሎ ይወጣል።

በአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ «ጥሩ ሱሺ ቤት የት አለ?» አለው። ልጁ ጥሩ ጥሩውን ቆጠረለት፤ ይኼ በመስኮቱ ባሕር ያሳያል፣ ያኛው ዓሣውን ከጀልባ ነው የሚቀበለው አለ። ጠብታ አዳመጠና፣ «ቤቱ አሮጌ ነው አዲስ? ከፎቁ ላይ ሰው ይኖራል?» ሲል ጠየቀ። ልጁ ወደ ሚስቱ ዞሮ በዐይኑ «ደህና ናቸው?» አላት። እሷም በዐይኗ «ተወው፣ ልማዱ ነው» አለችው። ያን ቀን ከባሕሩ ዳር ያሉትን ቤቶች በሙሉ አንድ በአንድ ገብተው ወጡ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲጠግኑ፣ ድመቶች እንኳ ጠግበው ሲተኙ፣ ባልና ሚስት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ደረቅ ብስኩት በሉ።

«ደስ የሚል ከተማ ነው» አለ ጠብታ፣ ፍርፋሪውን ከጉልበቱ እያራገፈ።

«ቧንቧውን አይተህ ጨረስክ፤ እኔን ደግሞ ወደ ባሕሩ ውሰደኝ» አለች።

በሌላ ዓመት፣ በሌላ ከተማ፣ እንከን የሌለው መታጠቢያ ተገኘ። ጠብታ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። «ነሐስ ነው! በእጅ የተሠራ ነው! እዘዢ፣ የፈለግሽውን እዘዢ!» አዘዘች፤ በሉ። በማግስቱ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሲተጣጠፉ ዋሉ። እሷ በግራ በኩል እያቃሰተች፣ እሱ በቀኝ በኩል እያቃሰተ ሳለ፣ «መታጠቢያው ግን...» ብሎ ጀመረ። ትራሱን ወረወረችበት። ከዚያ ወዲህ ስለ ዘዴው ባወራ ቁጥር አንድ ቃል ብቻ ትናገራለች፤ «ነሐስ»። እሱም ወሬውን ይተዋል፤ ዘዴውን ግን አይተውም። አመል ያወጣል ከመሃል የሚሉት ይኼንን ነው።

እንዲህ ሲኖሩ፣ በመነጽር ቤት የምትሠራው ልጃቸው አንድ ቀን መጣች። እናቷ መስፊያ ክፍል ገባች፤ አባቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ልጁ የገዛችለትን መነጽር አድርጎ የሬዲዮ ቁልፍ ይፈታታል።

«አባዬ፣ የማገባውን ሰው አግኝቻለሁ።»

«ደግ» አለ ዐይኑን ከሬዲዮው ሳያነሣ። «ምን ይሠራል?»

«ሱሺ ሠሪ ነው።»

ሬዲዮው ወደቀ። «ምን አልሽ? የት ነው የሚሠራው?»

«ከእኛ መነጽር ቤት ማዶ። የራሱ ቤት ነው፤ ገና መክፈቱ ነው።»

«ቧንቧውን ማን ዘረጋው?»

«አባዬ!»

«አይ፣ ለነገሩ ነው እንጂ...»

ልጅቷ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እንደ እናቷ ናት፤ ነገር ስትጀምር ክሩን ቋጥራ ነው። «ስማኝ። እሑድ ምሳ በገዛ እጁ ሠርቶ ሊያበላህ ነው። የቤቱን በር ለሌላ ሰው ይዘጋል። ሰውዬው ጥሩ ነው፣ ግን ኩሩ ነው። የሠራውን ሱሺ ሳይቀምስ የወጣ ሰው ለእሱ ከሰደበው ሰው እኩል ነው። አንተ ደግሞ እንደ ልማድህ እጅህን ታጥበህ ኮትህን ካነሣህ፣ እሱ እንኳን አማቼ ሊልህ፣ እኔንም ዐይኔን አያይም። ከዚህ ሁሉ ሰው መርጬ ያገኘሁትን በመታጠቢያ ገንዳ ልታሳጣኝ ነው?»

ጠብታ ልጁን ይወዳል። «እቀመጣለሁ፤ እበላለሁ» አለ። «ዐይኔን ጨፍኜም ቢሆን።»

እናትና ልጅ ተያዩ። ጠብታ ሲምል ሁለቱም ብዙ ጊዜ ሰምተዋል።

ያን ሳምንት ልብስ ሰፊዋ የሱሪውንም የቀሚሱንም ሥራ ትታ ነገር ስታቅድ ከረመች። ልጅቷ ከሱሺ ሠሪው ቤት የእጅ መታጠቢያ ላይ ቧንቧው ጠብ እንደሚል ሰምታለች። «እማዬ፣ በደንብ ነው ጠብ የሚለው። እኔ እንኳ የሰማሁት ለአባዬ አይጠፋም።» አባቷን ለጥገና መጥራት አይታሰብም። ጠብታን ለቧንቧ ከጠራኸው ለምሳ አታገኘውም፤ ሥራ ከጀመረ ግድግዳ ሳያፈርስ አይቆምም። እናት ብዙ አሰበችና መርፌዋን ከአፏ አውጥታ፣ «ግራኙን እንጥራው» አለች።

ልጅቷ አፏን ያዘች።

ግራኙ የጠብታ የድሮ ሸሪክ ነው። አብረው ሠርተዋል፣ አብረው ጠግበዋል፣ ልጅቷም አጎቴ እያለች ነው ያደገችው። የተጣሉት በተፍሎን ነው። ተፍሎን ቧንቧና ቧንቧ ሲገጣጠም ውሃ እንዳያፈስ የቧንቧው ጫፍ ላይ የተቀረጸው ክር ላይ የሚጠቀለል ነጭ ቀጭን ጥብጣብ ነው። ሰው ሁሉ ቧንቧው ሲጠብቅ በሚዞርበት አቅጣጫ ይጠቀልለዋል። ግራኙ በግራ እጁ ስለሚሠራ ወደ ሌላኛው ወገን ይጠቀልለዋል። «ይፈታል» ይላል ጠብታ። «ካልነካኸው አይፈታም» ይላል ግራኙ። በዚህ ነገር ድርጅት ፈረሰ። አሁን መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው ጉሮሮ መጥረግ ብቻ ነው። ነገር ግን በከተማው ከጠብታ ቀጥሎ ያለ ቧንቧ ሠሪ ግራኙ ነው፤ ይኼን ጠብታም አይክድም፣ ጮክ ብሎ አይናገረውም እንጂ።

ግራኙ መጣ፣ ሠራ፤ የቧንቧው ጠብታ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ግን በአንድ መርፌ የምትተማመን ሴት አይደለችም። እሑድ ጠዋት ባሏን አስቀምጣ፣ «እጅህን የምትታጠበው እዚሁ ቤታችን ነው» አለችው።

«እዚህ?»

«እዚህ። ከዚያ ይኼንን ታጠልቃለህ።» አዲስ ጥቁር የቆዳ ጓንት አወጣች። «እስክንቀመጥ ድረስ አታወልቅም። እጅህ ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ እጅ ደግሞ ሁለተኛ አይታጠብም።»

«በዚህ ፀሐይ ጓንት?»

«ነሐስ» አለች።

አጠለቀ። ከዚያ ኪሱን ፈተሸች፤ መፍቻ የለም፣ ጉጠት የለም። የመነጽሩን ማኅደር ብቻ አገኘችና መለሰችለት። መነጽሩ አፍንጫው ላይ እያለ ማኅደሩ ለምን እንደሚከብድ ልብ አላለችም። በኋላ ይኼንን ስታስታውስ ጥርሷን ነክሳ ትስቃለች።

ሱሺ ቤቱ ረጅም የእንጨት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ፊት ከፍ ከፍ ያሉ ወንበሮች፣ ከማዶ ጥግ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ያለው ቤት ነው። ሠሪው አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ራሱ ላይ ነጭ ጨርቅ ያሰረ ሰው ነው። ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ቢላውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል። ለሌላ ሰው ይዘጋል በተባለው ቤት ጥግ ላይ አንድ ሰውዬ ተቀምጦ የምግብ ዝርዝር እያነበበ ነው፤ ዝርዝሩ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ልብስ ሰፊዋ አየችው፤ የሠሪው ዘመድ ይሆናል ብላ አለፈችው።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። እንኳን ደህና መጡ እትዬ» አለ ሠሪው፣ ዝቅ ብሎ።

«እንኳን ደህና ቆየኸን» አለ ጠብታ። ተቀመጠ። ቃሉን ጠብቆ ዐይኑን ከጣሪያ እስከ ወለል አላንከራተተም፤ አንገቱን እንደታሰረ ፈረስ ወደ ፊት ብቻ ያያል። ሚስቱ በኩራት ጉልበቱን ነካ አደረገችው። ልጅቷ ተነፈሰች። ሠሪው የጋለ እርጥብ ፎጣ አቀረበ።

ጠብታ ጓንቱን አወለቀ።

ሁሉም አዩ። እጁ ከጥፍሩ እስከ አንጓው ከሰል መስሏል። በፀሐዩ አልቦት፣ ላቡ የጓንቱን ቀለም አውጥቶት፣ የታጠበው ንጹሕ እጅ የጫማ ቀቢ እጅ ሆኗል። ልጅቷ ቀስ ብላ ወደ እናቷ ዞረች።

«አዲስ ጓንት ነበር እኮ» አለች እናት ለራሷ።

ጠብታ በፎጣው ጠረገ። ፎጣው ጠቆረ፤ እጁ አልነጣም። ሌላ ፎጣ መጣ፤ እሱም ጠቆረ። ሠሪው የነገሩን ሥር አያውቅምና በየዋህነት፣ «ይኼ ሳሙና ይፈልጋል ጋሼ። መታጠቢያው ከኋላ ነው። አይስጉ፣ ቧንቧውም በዚሁ ሳምንት የተቀየረ አዲስ ነው» አለ።

ልጅቷ ዐይኗን ጨፈነች። ልብስ ሰፊዋ ሳል ያዛት።

«አዲስ?» አለ ጠብታ። የታሰረው አንገት ተፈታ። «በዚሁ ሳምንት? ማን ቀየረው?»

«እጅህን ብቻ» አለች ሚስቱ ክንዱን ይዛ። «በልጄ ሞት። እጅህን ብቻ ታጥበህ ተመለስ።»

«ሌላ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ ሄደ።

በሩ ተዘጋ። ባንኮኒው ላይ ያሉት ሁሉ ጆሮ ሆኑ። ቧንቧው ተከፈተ፤ ውሃው ጥርት ብሎ ወረደ። ሳሙና ሲታሽ ተሰማ። ቧንቧው ተዘጋ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ሠሪው ቢላውን አነሣ፤ ሩዙን በመዳፉ አድቦለቦለ። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ልትለቅ ስትል ዝምታው ረዘመባት። ይኼን ዝምታ ታውቀዋለች። ሰው እጁን እያደረቀ እንዲህ ዝም አይልም። ይኼ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥር ሲያይ ያለ ዝምታ ነው። ቀጥሎ የመነጽር ማኅደር ቀጭ ብሎ ሲከፈት ሰማች፤ ያኔ ነው የክብደቱ ነገር የገባት።

«ወይኔ» አለች።

ብረት በብረት ላይ ክርክ አለ። ከዚያ ሹክክ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ በበሩ ሥር ውሃ።

ሮጣ ከፈተች። ጠብታ ሁለት ጥቁር እጁን ቧንቧው አንገት ላይ አድርጎ እንደ እባብ አንቆ ይዞታል፤ ውሃው በጣቶቹ መሃል ወደ ጣሪያው፣ ወደ ግድግዳው፣ ወደ መነጽሩ ይረጫል። አንዲት ትንሽ መፍቻ ገንዳው ውስጥ ትንሳፈፋለች ማለት ይቻል ነበር፣ ብረት ባትሆን።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እጄን እየታጠብኩ።»

«አንተ ሰውዬ!»

«ጥቂት ብቻ ነው ያጠበቅሁት! ጥቂት! ተፍሎኑን አየሁት፤ ጫፉ ወደ ግራ ነው የተጠቀለለው። ወደ ግራ! በዚህ ከተማ ወደ ግራ የሚጠቀልል አንድ ሰው ብቻ ነው...»

«እሱም እዚህ አለ» አለ ከበስተኋላ አንድ ድምፅ።

ጥጉ ላይ የነበረው ሰውዬ የምግብ ዝርዝሩን ጥሎ ተነሥቷል። ከጠረጴዛው ሥር የመሣሪያ ቦርሳውን ጎትቶ እያወጣ ነው። ግራኙ ራሱ። ባንኮኒውን ዞሮ ገባ፤ ዋናውን መዝጊያ አዞረ፤ ውሃው አቃስቶ ቆመ።

«አጎቴ፣ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለች ልጅቷ።

«ምሳ ልበላ አልመጣሁም። አባትሽ እንደሚነካው ስለማውቅ ነው የመጣሁት። ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ዝርዝር ኋላ ተቀምጬ አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም።» መታጠቢያው ክፍል በር ላይ ቆሞ ጠብታን ከላይ እስከ ታች አየው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ አልሰማህም? ጠብ አላለ፣ አላንጠባጠበ፤ ምን ነካኸው?»

«በትክክል የተጠቀለለ ቢሆን ብነካውም አይፈታም ነበር!»

«ባትነካው ኖሮ ለልጅ ልጅህ ይተርፍ ነበር!»

«ያው ይፈታል አላልኩህም?»

«ያው ካልነካኸው አይፈታም አላልኩህም?»

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ድሮም የተጣሉት በዚሁ ነው። ልብስ ሰፊዋ ውሃው ውስጥ ቆማ በመሃላቸው እጇን ዘረጋች። «የጠራሁት እኔ ነኝ» አለች።

ጠብታ መነጽሩን መጥረግ አልቻለም፤ እጁ ቧንቧውን እንደያዘ ነው። በረጠበው መነጽሩ ውስጥ አያት። «እኔ እያለሁ? የልጄን ባል ቧንቧ ግራኝ ይሥራው?»

«አንተን ብጠራ ቧንቧው ይሠራል፤ ምሳውን ግን ማን ይበላዋል? ልጅህ የለመነችህ ቁጭ እንድትል ነው እንጂ እንድትገጥም ነው?»

ጠብታ ወደ ግራኙ ዞረ። «መፍቻውን አቀብለኝ» አለ።

«አንተ ያዝ፣ እኔ ልፍታ» አለ ግራኙ ተንበርክኮ። «ከለቀቅከው ሁሉም ይዞራል፤ ግድግዳውን ይዞት ይወጣል።» ጠብታ ከገንዳው ሥር ገብቶ ተንጋለለና በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ። ከውጭ የቀሩት እግሮቹ ብቻ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ እነዚያን ሁለት እግሮች አየችና ሳቋም ልቅሶዋም አንድ ላይ መጣባት፤ ሱፉን የሰፋችው አሁንም እሷ ናት።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ከበሩ ውጭ ቆማ ወደ ባንኮኒው ታያለች። ሠሪው ቢላውን አስቀምጦ፣ ፊቱ ቀልቶ ቆሟል፤ የተሠራ አንድ ፍሬ ሱሺ በእንጨት ሳሕን ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ማንም አልበላውም። በሰው ቤት ውሃ ጎርፎ ምግቡ ግን ተረሳ። «ሊናገረኝ ነው» አለች በልቧ። «አሁን ሊናገረኝ ነው።»

ሠሪው ሳሕኑን አነሣ። ውሃውን እየረገጠ መጥቶ፣ ልጅቷን አልፎ፣ እናቷን አልፎ፣ ግራኙን በጉልበቱ ገፋ አድርጎ፣ መታጠቢያው ሥር ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ሩዙ እየበረደ ነው።»

«ምን?» አለ ጠብታ ከሥር።

«ሩዙ ለብ ብሎ ነው የሚበላው። እስካሁን የጠበቀው ይበቃዋል። ይብሉ።»

«ልጄ፣ አየህ፣ እጄ...»

«ይዘዋል፤ አየሁ።»

«መያዙ ብቻ አይደለም። አልታጠብኩም። ማለቴ ታጥቤ ነበር፤ ከዚያ ከሥር ገባሁ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ እጄን ሳልታጠብ...»

«ጋሼ» አለ ሠሪው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ግን የቢላ ሰው ድምፅ ነው። «የተፈለገው የታጠበ እጅ ነው አይደል? የእኔ ታጥቧል። አፍዎን ይክፈቱ።»

ልብስ ሰፊዋ ከዚያ ሁሉ የባሕር ዳርቻ፣ ከዚያ ሁሉ ብስኩት፣ ከዚያ ሁሉ «ተነሽ» በኋላ፣ ባሏ ወዴትም መውጣት እንደማይችል ያኔ ገባት። ጎንበስ ብላ፣ «ነሐስ» አለችው በሹክሹክታ።

ጠብታ አፉን ከፈተ። ሠሪው አጎረሰው።

ከገንዳው ሥር አገጭ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል፤ ይቆማል፤ ይንቀሳቀሳል። ሠሪው ዐይኑን አልነቀለም።

«ሩዙ...» አለ ጠብታ።

«ምን ሆነ ሩዙ?» ሠሪው ነጣ።

«ለብ ያለ ነው።»

«አዎ።»

«ዓሣው ቀዝቀዝ ያለ።»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።»

ጠብታ ዋጠ። «መገጣጠሚያው አይታይም» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ሰለል ብሎ። «የሽማግሌው ጊዜ ነው እንዲህ ያለ የበላሁት።»

ሠሪው ግራ ገብቶት ወደ ሴቶቹ ዞረ። «ምን ማለታቸው ነው?»

«ወዶታል ማለቱ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዐይኗን በቀሚሷ እጅጌ እየጠረገች። «ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአፉ አይወጣም። እኔን እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።»

«ሌላ አለ?» አለ ከሥር።

«ለእኔስ?» አለ ግራኙ። «እኔም እኮ እጄ ሥራ ላይ ነው። ያውም ከጠዋት ጀምሮ የራበኝ እኔ ነኝ።» አፉን ከፈተ።

ሠሪው ሳቀ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። ወደ ባንኮኒው እየተመለሰ ልጅቷ አጠገብ ሲደርስ፣ «አባትሽ ሳይቀምሱ ይወጣሉ ብለሽ ስታስፈራሪኝ ከረምሽ። ይኸው አልወጡም» አላት።

«እንዴት ይውጣ? ቧንቧው ይዞት!» አለች፤ ከዚያ ፊቱን አይታ፣ ቀስ ብላ ነጩን ጨርቅ ራሱ ላይ አስተካከለችለት።

ሠሪው እየሠራ ያመላልስ ጀመር፤ አንድ ለገንዳው ሥር፣ አንድ ለተንበርካኪው። ልብስ ሰፊዋም ደጃፉ ላይ ወንበር አስቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ውሃው ውስጥ አድርጋ በላች። ማንም እጁን አልታጠበም፤ ውሃው ተዘግቷል። አሮጌው ተፍሎን ተነሣ፤ ክሩ ተጠረገ። ግራኙ አዲስ ጥብጣብ ከቦርሳው አወጣና እጁ በአየር ላይ ቀረ።

«ወዴት ልጠቅልለው?» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ማኘኳን አቆመች።

«እንደ ልማድህ ጠቅልለው» አለ ጠብታ። «እኔ አልነካውም።»

ግራኙ ጉሮሮውን ጠረገ። እንደ መንገዱ ሰላምታ አልነበረም። ጠቀለለ፤ ገጠመ፤ ጠብታ ለቀቀ። ልብስ ሰፊዋ ግን ቃልን ብቻ አታምንም፤ ትንሿን መፍቻ ከገንዳው አንሥታ ወደ እጅ ቦርሳዋ ጨመረቻት፤ ባዶውን የመነጽር ማኅደር መለሰችለት።

ወለሉ ተወልውሎ፣ የሠርጉም ወር ተወስኖ፣ ኮታቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ጠብታ በሩ ላይ ቆመ። ጣቱን አነሣ፤ ጆሮውን ወደ ቤቱ ዘንበል አደረገ። ሚስቱ ልቧ ወረደ። ልጅቷ የሠሪውን ክንድ ያዘች።

«ምንድነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ምን ሰማህ?»

ጠብታ ጣቱን አወረደ።

«ምንም» አለ፤ ቅር ያለው ይመስላል። «ምንም አይሰማም።»

«ነግሬሃለሁ!» አለ ግራኙ ከባንኮኒው፣ አፉ ሞልቶ።

ልብስ ሰፊዋ ባሏን በክንዱ ይዛ ወደ ፀሐዩ አወጣችው። ጓንቱን መንገዱ ዳር ያለ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣለችው። በማግስቱ ጠብታ ሥራ ሲሄድ እጁ አሁንም ጥቁር ነበር፤ የጠየቀውን ሰው ሁሉ «ሱሺ በልቼ ነው» ይል ነበር።